የመጨረሻዋ ክሮሞሶም ዝም ስትል

አያቴ ከሞተች በኋላ ቤተሰባችን ለውርስ ጉዳይ ሦስት እሑድ ተሰበሰበ። ልጆቿ አምስት፣ ቤቱ አንድ። አራቱ «ይሸጥና እንካፈል» አሉ። አምስተኛዋ፣ እኛ ልጆቹ እትዬ የምንላት ትንሿ አክስቴ፣ እምቢ አለች። አያቴን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት፤ ከነልጇ የምትኖረውም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ አለቀሰች። በሁለተኛው ተቆጣች፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ደነገጡ። በሦስተኛው እሑድ ግን ቡናውን እያፈላች ዝም አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንግዲህ ልጃችንም ልቧ ተመልሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ተመርቀን ተነሳን። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ተሸጠ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የስምምነቱን ወረቀት ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሁሉም ወራሾች በሙሉ ፈቃዳቸው ተስማምተዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። በቃ፣ ተገላገልን።

ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ስብከት ወይም የሕግ መጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ስለ ሴል ክፍፍል ያነበብኩት ነገር ነው። እንግዳ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ሩቅ ይመስላል እንጂ ቅርብ ነው።

*

ትምህርት ቤት ስለ ሴል ክፍፍል ስንማር ነገሩ ሁሉ ስለ መብዛት ነበር። ዲኤንኤው ይባዛል፣ ክሮሞሶሞቹ ይሰለፋሉ፣ አንዱ ሴል ሁለት ይሆናል። ሥዕሉን ደብተራችን ላይ ስለናል፣ ፈተና ላይ መጥቷል፣ አለቀ። በደንብ ያልተነገረን ነገር ቢኖር፣ ሴል ለመከፈል ከመሥራት እኩል ማፍረስ እንዳለበት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ላየ ሰው ይህ አይከብደውም። አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ከሥሩ የባህር ዛፍ እንጨት ጫካ መስሎ ይቆማል። ያለ እንጨቱ ወለሉ አይቆምም። እንጨቱ ካልተነሳ ደግሞ ቤቱ ቤት አይሆንም፤ ማን ይገባበታል? ጥያቄው «ይነሳ ወይስ አይነሳ» ሳይሆን «መቼ ይነሳ» ነው። አርማታው ሳይጠነክር የተነቀለ ድጋፍ ሰው ይገድላል። ሴል ውስጥም እንዲሁ ነው። ለአንዱ ምዕራፍ የግድ ያስፈለገ ፕሮቲን ለቀጣዩ ምዕራፍ እንቅፋት ይሆናል።

ይህ መታየት የጀመረው በ1982 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ቲም ሀንት አሜሪካ ውስጥ ዉድስ ሆል በሚባል የባሕር ዳር የምርምር ቦታ፣ ባሕር ውስጥ የሚኖር ጃርት መሳይ እሾሃማ እንስሳ እንቁላሎችን ያጠና ነበር። አንድ ፕሮቲን ቀስ እያለ ይጠራቀምና እንቁላሉ ሊከፈል ሲል ድንገት ድራሹ ይጠፋል። እንደገና ይጠራቀማል፤ እንደገና ይጠፋል። እየዞረ ስለሚመጣ «ሳይክሊን» አለው። በኋላ እንደታወቀው፣ ሴሉን ወደ ክፍፍል የሚያስገባው የሳይክሊን መከማቸት ነው፤ ከክፍፍሉ የሚያወጣው ደግሞ የሳይክሊን መጥፋት። ሀንት በ2001 ከሌላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ታዲያ ማን ነው የሚያጠፋው? ለዚህ መልስ መንገድ የጠረገው ሌላ ቡድን ነው፤ አቭራም ኸርሽኮ፣ አሮን ቺካኖቨርና ኧርዊን ሮዝ። ሦስቱ የ2004ን የኬሚስትሪ ኖቤል የተካፈሉት አንድ አስገራሚ ሥርዓት በማግኘታቸው ነው፤ ሴል ፕሮቲኖቹን በዘፈቀደ አያፈርስም፣ መጀመሪያ ምልክት ያደርግባቸዋል። ምልክቱ ራሱ ዩቢኩቲን የሚባል፣ 76 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ስሙ «በሁሉም ቦታ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ እርሾ ውስጥም፣ ባህር ዛፍ ውስጥም፣ እኛም ውስጥ አለና።

ምልክቱን ለመለጠፍ ሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች ይቀባበላሉ። የመጀመሪያው ዩቢኩቲንን ለሥራ ያነቃዋል። ሁለተኛው ይሸከመዋል። ሦስተኛው፣ ሊጌዝ የሚባለው፣ የሚፈርሰውን ፕሮቲን ለይቶ ምልክቱ እንዲለጠፍበት ያደርጋል። እንግዲህ መራጩ ሦስተኛው ነው። ለዚህም ነው በሰው ሴል ውስጥ የመጀመሪያው ዓይነት ሁለት ብቻ ሆኖ ሳለ ሊጌዞቹ ከ600 በላይ የሚሆኑት፤ እያንዳንዱ የራሱ ዒላማ አለው። መንገድ ሊወጣበት የታሰበ አጥር ላይ ቀለም እንደሚቀባው ሠራተኛ ማለት ነው። ቀለም ቀቢው አያፈርስም፤ አፍራሹ ሌላ ነው።

አፍራሹ ፕሮቲያሶም ይባላል። በርሜል መሳይ ወፍጮ ነው። ወፍጮ እህሉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ምልክት ያለበትን ተቀብሎ ይፈጫል። የተፈጨው እንደገና ለሌላ ፕሮቲን መሥሪያ ይሆናል። ዩቢኩቲኑም ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ይመለሳል። ምልክቱን ከመፈጨት በፊት የሚያነሱ ኢንዛይሞችም አሉ፤ ይግባኝ ሰሚ በሏቸው።

*

በሴል ክፍፍል ላይ ከሊጌዞች ሁሉ ትልቁን ቃል የሚናገረው በአጭሩ ኤፒሲ የሚባለው ነው። ከአሥር በላይ ፕሮቲኖች ተገጣጥመው የሚሠሩት ግዙፍ ማሽን ነው፤ በ1995 ነው ተለይቶ የታወቀው። ሥራውን ለመረዳት አንድ ቅጽበት ላይ እናተኩር።

የሰው ሴል ሊከፈል ሲል 46ቱም ክሮሞሶሞች ተባዝተዋል። እያንዳንዷ ክሮሞሶም ሁለት እኅትማማች ገመዶች ናት፤ ኮሂሲን የሚባል ቀለበት አስሮ ይዟቸዋል። ቀለበቱን የሚቆርጥ መቀስ አለ፤ ሴፓሬዝ ይባላል። መቀሱ እስከ ሰዓቱ ድረስ በሴኩሪን ተለጉሞ ይቆያል። ኤፒሲ ሴኩሪን ላይ ምልክት ሲያደርግ ሴኩሪን ይፈጫል፣ መቀሱ ይፈታል፣ ቀለበቶቹ ይቆረጣሉ፣ እኅትማማቾቹ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሳባሉ። በዚያው ሰዓት ኤፒሲ ሳይክሊንንም ለወፍጮው ያስረክባል።

እዚህ ጋ መመለስ የለም። የተቆረጠ ቀለበት መልሶ አይገጥምም፤ የተፈጨ ሴኩሪን አይነሳም። ተፈጥሮ ሴሉ ወደ ኋላ እንዳይል ድልድዩን ከኋላው ታፈርሳለች። ለዚህ ነው ከመቁረጡ በፊት ያለው ጥበቃ ከመቁረጡ ይልቅ የሚደንቀው።

እያንዳንዷ እኅት ገመድ ኪኔቶኮር የሚባል መያዣ አላት። 46 ሲባዛ በሁለት፣ 92 መያዣዎች። ከሴሉ ሁለት ጫፎች የሚመጡ ቀጫጭን ክሮች መያዣዎቹን በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው እየፈለጉ ይይዛሉ። እኅትማማቾቹ አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ መያዝ አለባቸው። ገና ያልተያዘ መያዣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ቆዩ!» የሚል ምልክት ያመነጫል። ማድ2 የሚባለውን ጨምሮ ጥቂት ፕሮቲኖች ተሰብስበው የኤፒሲን ረዳት አስረው ይይዙታል፤ ኤፒሲም ሥራውን መጀመር አይችልም። መያዣው በክር ሲያዝ ምልክቱ ይቆማል። የመጨረሻዋ ስትያዝ ሴሉ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ኤፒሲም ሥራውን ይጀምራል።

እንግዲህ አስቡት። 45 ክሮሞሶሞች ተሰልፈው ዝግጁ ናቸው። አንዷ ዳር ላይ ቀርታለች። ሴሉ ለ45ቱ ብሎ አይቀጥልም፤ አንዷን ይጠብቃል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን በግ የሚፈልገው እረኛ ትዝ አለኝ። በየቀኑ፣ በየደቂቃው፣ በቆዳዬና በአንጀቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አለ ማለት ነው? በዚያ ብጨርስ ቆንጆ ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ነገር ግን ማንበቤን ቀጠልኩ።

*

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኮንሊ ሪደር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦልባኒ ውስጥ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ሴሉን የሚያስጠብቀው በትክክል ምንድን ነው? የተያዙት መያዣዎች «ዝግጁ ነን» ማለታቸው ነው ወይስ ያልተያዘችው «ቆዩ» ማለቷ? ፖቶሩ ከምትባል ካንጋሮ መሳይ ትንሽ የአውስትራሊያ እንስሳ የተወሰዱ ሴሎችን መረጡ፤ ክሮሞሶሞቿ ጥቂትና ትልልቅ ስለሆኑ በማይክሮስኮፕ ለማየት ይመቻሉ። አንድ መያዣ ብቻ ሳይያዝ የቀረበትን ሴል ፈለጉ። ከዚያ ያቺን መያዣ በጨረር አቃጠሏት።

ሴሉ መጠበቁን አቆመ። የመጨረሻዋ መያዣ በወጉ ስትያዝ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ክፍፍሉን ቀጠለ። የክሮሞሶሟ ችግር ግን አልተፈታም። እንደ ቀድሞው በአንድ ወገን ብቻ ተይዛ ተንጠልጥላለች። የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የምትጮኸዋ ከእንግዲህ አትጮኽም።

ለሳይንሱ ይህ ድንቅ ውጤት ነበር፤ ጥያቄው ተመለሰ። የሚያስጠብቀው ያልተያዘችው ጩኸት ነው። ለእኔ ግን የሆነ ነገር ሆዴ ውስጥ ገለበጠብኝ። ሴሉ «ችግሯ ተፈታ» እና «ጩኸቷ ተቃጠለ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች መለየት አይችልም ማለት ነው። የሚሰማው ዝምታውን ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ከየትም ይምጣ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

እትዬን አሰብኩ። በሦስተኛው እሑድ፣ ረከቦቱ ፊት ለፊት፣ ዝም ያለችውን እትዬን።

ከሽያጩ ሁለት ዓመት በኋላ እናቴ በወሬ መሃል ነው የነገረችኝ። ከሁለተኛው እሑድ ቀጥሎ በነበረው ሳምንት ትልቁ አጎቴ እትዬ ጋ ሄዶ ነበር። የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ለዓመታት የሚከፍለው እሱ ነው። «በዚህ ከቀጠልሽ ከመጪው ተርም ጀምሮ ራስሽ ቻዪው» ብሏታል። አልተሳደበም፣ አልዛተም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንኳ «ያው ተስማሙ እንግዲህ» ብላ ነው የጨረሰችው።

አልተስማሙም። ጨረር ነው የተደረገባት።

*

ይህ የሴሉ ስህተት የሚመስለውን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም። ሐሰተኛ ዝምታ ሴል ውስጥ ያለ ጨረርም ይመጣል። ሦስቱን ብቻ ልናገር።

አንደኛው ዓይነት፣ በሁለት ወገን የተያዘች መያዣ ነው። አንዳንዴ አንዷ መያዣ ከቀኝም ከግራም በሚመጡ ክሮች በአንድ ጊዜ ትያዛለች። ይህ ስህተት ነው፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር መሳብ ያለባት። ነገር ግን ተይዛለችና አትጮኽም። ሴሉ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይቀጥላል፤ ሌሎቹ ወደየጫፋቸው ሲሄዱ እሷ ሁለት ወገን እየጎተታት መሃል ላይ ትቀራለች። የካንሰር ሴሎች የክሮሞሶም ቁጥራቸው ከሚዛባባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በባልና በወላጆቿ መሃል የተያዘች፣ በሁለት ቤት በጀት የምትጎተት፣ «ምንም አልሆንኩም» የምትል ሴት ታውቁ የለ? ችግር ስለሌለባት አይደለም የማትናገረው። ከሁለቱም ወገን ስለተያዘች ነው።

ሁለተኛው ድካም ነው። ክሮቹ እንዳይሠሩ የሚያደርግ መድኃኒት ሴል ላይ ቢደረግ ጩኸቱ አያቆምም፤ ሴሉ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። ግን ለዘለዓለም አይደለም። ልጓሙ ፍጹም ጥብቅ ስላልሆነ ሳይክሊን በጥቂት በጥቂቱ እየፈረሰ ያልቃል። ያኔ ሴሉ ሳይከፈል፣ ክሮሞሶሞቹን እንደተሸከመ፣ ከክፍፍሉ ሾልኮ ይወጣል። ጩኸቱ ሰሚ አግኝቶ አይደለም፤ መጠበቂያው አልቆ እንጂ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። በሴሎቻችን ውስጥ ፒ53 የሚባል ጠባቂ ፕሮቲን አለ። ዲኤንኤ ሲጎዳ ክፍፍሉ እንዲቆም፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። አንዳንድ ኤችፒቪ የሚባሉ ቫይረሶች የማኅፀን በር ሴል ውስጥ ሲገቡ፣ ኢ6 የሚባለው ፕሮቲናቸው ከሴሉ የራሱ ሊጌዝ ጋር ይጣበቅና ዒላማውን ያስቀይረዋል። ሊጌዙ በራሱ ጠባቂ ላይ የመፍረሻ ምልክት መለጠፍ ይጀምራል። ወፍጮው ደግሞ አይጠይቅም ብለናል። ቫይረሱ ጉዳቱን አልጠገነም፤ ደወሉን ነው የነቀለው። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባትም ይህንኑ ቫይረስ ለመከላከል ነው።

በሦስቱም ላይ የሚታየው አንድ ነገር ነው። ጸጥታ አለ፣ ሰላም የለም።

*

እዚህ ጋ ራሴን ማቆም አለብኝ። ከሴል ወደ ሰው መዝለል አደገኛ ልማድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ አካልን ሴሎች ዜጎቹ ከሆኑበት መንግሥት ጋር አመሳሰለው። እሱ ራሱ ለድሆች ጤና የታገለ ሰው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ምሳሌውን ገልብጠው ማኅበረሰብን አካል፣ የማይወዱትን ሕዝብ በሽታ አደረጉት። እኛም አገር «ነቀርሳ ናቸው»፣ «አረም ናቸው» ሲባል ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከተልም እናውቃለን።

የዩቢኩቲንን የምልክት ሥርዓት ካገኙት አንዱ ኸርሽኮ የተወለደው ሃንጋሪ ውስጥ ነው። በ1944 ገና ትንሽ ልጅ እያለ፣ አይሁዶች ቢጫ ኮከብ እንዲለጥፉ በተገደዱበት ዓመት፣ ከቤተሰቡ ጋር ተግዞ በሕይወት ተርፏል። ይህ ከሳይንሱ ጋር ግንኙነት አለው እያልኩ አይደለም። ግን ስለ ምልክት ስናወራ ማስታወስ ያለብን ልዩነት አለ። ሳይክሊን ሲፈርስ የሚጎዳ ማንም የለም። ሳይክሊን አያምመውም፣ ልጅ የለውም፣ ቤት የለውም። ሰው ላይ የሚለጠፍ ምልክት ሁሉ ግን የሚያምመው ባለቤት አለው። ስለዚህ «ሴል እንዲህ ስለሚያደርግ እኛም እንዲህ እናድርግ» የሚል ክርክር አልቀበልም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም «ነው» ከሚለው «ይገባል» ወደሚለው በዝምታ መሻገር እንደማይቻል ካሳሰበ ወደ ሦስት መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው።

እኔ ከሴሉ የምወስደው አርአያ ሳይሆን ልዩነት ነው። ሴሉ ዝምታው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አይችልም። አይወቀስም። እኛ እንችላለን። ስለዚህ እንወቀሳለን።

አንድ ጠንካራ መቃወሚያ እንዳለም አውቃለሁ። «ታዲያ አንድ ሰው እምቢ ባለ ቁጥር ሁላችንም እንቁም?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ከእትዬ እኅቶች አንዷ ታማ ነበር፤ ድርሻዋ ለሕክምና ያስፈልጋት ነበር። ቤቱ የአምስቱም ነው። የአንዷ እምቢታ የአራቱን መብት ለዘለዓለም መያዝ አለበት አልልም። ሴሉም ቢሆን እንደዚያ አይደለም። በ2013 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት «ቆዩ» የሚለው ምልክት ልክ አለው፤ ያልተያዙት መያዣዎች ሲበዙ ይጠነክራል፣ ሲያንሱ ይደክማል። አንድ ድምፅ ያዘገያል፤ እንደ ብዙ ድምፅ ግን አያስቆምም። ቅድም እንደ በጉ ምሳሌ አድርጌ ያየሁት ትዕግሥት ያን ያህል ፍጹም አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ታሸንፍ የሚል አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አራቱ ለአንዷ «ሰምተንሻል፣ አልተስማማንም፣ ድርሻሽ ይኸው፣ መኖሪያም እንፈልግልሻለን» ብለው በግልጽ ቢወስኑ ኖሮ ያማታል፤ ግን ተበድላም ቢሆን ቃሏ ቆሞ ይቀር ነበር። እምቢ ያለች ተብላ ትጻፍ ነበር። እኛ ያደረግነው ግን ከዚያ የባሰ ነው። እምቢታዋን አላሸነፍነውም፤ እንዳልነበረ አደረግነው። ከዚያ ደግሞ ዝምታዋን ወስደን ፊርማ አደረግነው።

አማርኛችን ስለ ዝምታ ሁለት ልብ ነው። አንዱ አባባል «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ሌላው «ዝምታ ለበግም አልበጃት» ይላል። ሁለቱም የሚመክሩት ዝም የሚለውን ሰው ነው፤ ዝም በል፣ ዝም አትበል። ዝምታውን የሚሰማው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ሁለቱም አይነግሩንም። ኃላፊነቱ ያለው ግን እሱ ጋ ይመስለኛል።

ምን ማድረግ ነበረብን? ትልቅ ነገር አልነበረም። ትናንት ትጮህ የነበረች ሴት ዛሬ ዝም ስትል፣ በእሑዱና በእሑዱ መሃል ምን ተፈጠረ ብሎ መጠየቅ። ሽማግሌ ባለበት፣ ወንድሞቿ በተቀመጡበት ሳይሆን ለብቻዋ መጠየቅ። ከዝምታዋ ማን እንደሚጠቀም ማየት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ሁሉ ቀለበቱ ከመቆረጡ በፊት ማድረግ። ቤት ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ጸጸት እንጂ ጥያቄ አይደለም። ይህ በቤተሰብ ብቻ አያበቃም። ሠራተኞቹ ቅሬታ ማቅረብ ያቆሙበት መሥሪያ ቤት፣ ሚስት መከራከር ያቆመችበት ትዳር፣ አንዱ ወገን ድምፁ የጠፋበት አገር፤ «ተረጋጋ» ከማለታችን በፊት አንድ ጊዜ ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል?

*

ባለፈው ዓመት እትዬ ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ሄድኩ። ልጇ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ቡና አፈላች። በሦስተኛው ስኒ ላይ ድፍረት አገኘሁና ስለዚያ እሑድ ጠየቅኳት። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔንም ነገርኳት፤ ታውቅ ነበር። ትንሽ አሰበችና «አንተ ምን ታደርግ፣ ልጅ ነበርክ» አለችኝ። ቀጥላ እየሣቀች፣ ያልተቆጣ ሣቅ ነው፣ እንዲህ አለች፤ «ግን ይገርመኛል። ሁለት እሑድ ስጮህ ሁላችሁም ‹ምን ሆንሽ› አላችሁኝ። ዝም ስል ግን ማንም አልጠየቀኝም። ቡናውን ጠጥታችሁ ሄዳችሁ።»

ቤት ስገባ የድሮውን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ፋይሉ አለ። «ሁሉም ወራሾች በሙሉ ፈቃዳቸው ተስማምተዋል።» ቢታረምም ከእንግዲህ ምንም አይለውጥም፤ ቤቱ ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። ቢሆንም ከሥሩ እውነተኛውን ጻፍኩት፤ ያኔ መጻፍ የነበረብኝን።

«ከአምስቱ ወራሾች አራቱ ተስማምተዋል። አምስተኛዋ ዝም ብላለች። ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቅናትም።»